ዘር ከልጓም ይስባልን?



«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ምሳሌ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። ፍችውም ልጓም ፈረስን ከሚስበው ይልቅ የዘር ኃይል ይበረታል ማለት ነው። አንዳንዶች ስለ ዝምድና ፍቅር ይጠቅሱታል፤ እኔ የምነሣው ግን ስለ ውርስ ባሕርይ በሚጠቀስበት በኩል ነው። በጭሮ የከብት ገበያ የከሳ ወይፈን ሲታይ «ዘሩ ነው» ይባላል። ዶሮ እንቁላል ስታሳንስ «ዘሯ ነው» ይባላል። ይህስ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ ሲታይም «ከእነ እገሌ ቤት ምን ይጠበቃል» የሚል ሰው አይታጣም። ቃሉ አጭር ነው፤ ከተናገሩትም በኋላ ሌላ ሥራ አያስከትልም። ሁሉ ነገር በዘር ከተወሰነ ላሟን የቀለበውም ሆነ ልጁን ያሳደገው ሰው የሚጠየቅበት ምክንያት የለምና።

እኔ በበኩሌ ይህን አስተሳሰብ እቃወማለሁ። የምቃወመውም ዘር የሚባል ነገር የለም በማለት አይደለም። እንስሳ በእናቱ ሆድና በጨቅላነቱ ወራት የሚያገኘው ምግብ፥ ሙቀትና እንክብካቤ ያንኑ ዘር በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚያሠራው የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ስላረጋገጡ ነው። ይህም ለእኛ ለምዕራብ ሐረርጌ ልጆች የመጽሐፍ ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ሰንጋ በማድለብ ስማችን እስከ አዲስ አበባ የተጠራ ሰዎች ሆነን ሳለ፥ ሰንጋውን ለምትወልደው ላም ግን የምናስበው እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፌ ዋና ክርክር ይኸው ነው።

አስቀድሜ ግን ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጋ የምታሳየውን ንብን ላንሣ። በቀፎ ውስጥ ያለችው ንግሥትና በሺህ የሚቆጠሩት ሠራተኞች ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ የሚፈለፈሉትም ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። ሠራተኛ የምትሆነው እጭ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያህል ሞግዚት ንቦች ከራሳቸው የሚያመነጩትን ወተት የመሰለ ምግብ ትመገባለች፤ ከዚያ በኋላ ማርና የአበባ ዱቄት የተቀላቀለበት ምግብ ይሰጣታል። ንግሥት እንድትሆን የተመረጠችው ግን እስከ መጨረሻው በዚያ ነጭ ምግብ ተጥለቅልቃ ታድጋለች። ልዩነቱ ይህን ያህል ብቻ ሲሆን ውጤቱን ተመልከቱ። አንደኛዋ በ16 ቀን ገደማ ከእንቁላልነት ተነሥታ ሙሉ ንግሥት ሆና ትወጣለች፤ ለዓመታት ትኖራለች፤ ሥራ በሚበዛበት ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሌላዋ ለመውጣት 21 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ሥራ በሚበዛበት ወራት ከስድስት ሳምንት ብዙም ሳትዘልቅ ትሞታለች፤ ማኅፀኗም ሳይለማ ይቀራል። እንግዲህ «ዘሯ ነው» የሚል ሰው በዚህ ላይ ምን መልስ ይሰጣል? እህትማማቾች ናቸው እኮ!

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል የሚመረምረው የትምህርት ክፍል ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ስሙን በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። «ኤፒ» በግሪክ ቋንቋ «በላይ» ማለት ነውና ቃሉ በዘር ላይ ያለ ነገር ማለትን ያመለክታል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠው ዲ.ኤን.ኤ. እንደ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነው እንበል። የጉበቱም ሕዋስ የቀንዱም ሕዋስ ያንኑ መጽሐፍ ይዟል፤ ነገር ግን ሁሉም ገጹን ሁሉ አያነብም። በፊደሎቹ ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ ብዙ ምልክት ያረፈበት ገጽ ብዙውን ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ዜማ የተማሩ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ በድጓው ፊደል ላይ የሚደረደሩት የዜማ ምልክቶች ፊደሉን ሳይለውጡ ድምፁን ይለውጡታልና። ቁርኣን ቤት ያደገ ጓደኛዬም በዐረብኛ ፊደል ላይና ታች የሚጻፉትን ምልክቶች አሳይቶኛል፤ ፊደሉ ያው ሆኖ ሳለ ምልክቱ ሲለወጥ ንባቡ ይለወጣል። በአካልም ውስጥ እንዲሁ ነው። ምልክቶቹን ከሚያስቀምጡትና ከሚያነሡት ነገሮች መካከልም ምግብ፥ ሙቀት፥ ጭንቀትና የእናት እንክብካቤ ይገኛሉ።

በ2008 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን በንብ ላይ ፈተኑት። አዲስ በተፈለፈሉ እጮች ውስጥ ሜቲሉን የሚያስቀምጠውን አንድ ጂን ሥራውን እንዲቀንስ አደረጉት። ከእነዚያ እጮች የሚበዙት ማኅፀናቸው ለምቶ ንግሥት መስለው ወጡ። ስለዚህ ምግቡ የሚሠራው በእነዚህ ምልክቶች በኩል ጭምር መሆኑ ታወቀ።

ማር ለማያረባ አንባቢ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን መከራ ላስታውሰው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራችን የገባው የበረሃ አንበጣ በ2012ና በ2013 ዓ.ም. ሐረርጌን ምሥራቁንም ምዕራቡንም ወርሮ እንደ ነበር አይረሳም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ አውሮፕላን መንጋው መስተዋቱን ሸፍኖበት፥ ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተገዷል። እኔ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ጣሳ እየደበደብንና ጅራፍ እያጮኽን ከማሽላው ላይ ለማስነሣት ስንሮጥ ድምፃችን እስኪዘጋ ድረስ ጮኸናል።

ያ አንበጣ ብቻውን ሲያድግ እንደ ማንኛውም ፌንጣ ሰላማዊ ነው። ኩብኩባው ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ጎልምሶም ሲበር በሌሊት ነው፤ ከወገኑም ይሸሻል። ዝናብ ጥሎ ሣር በዝቶ ሲራባና ኋላም ሣሩ ሲያልቅበት በአንድ ስፍራ ይጨናነቃል። እግር ከእግር ሲነካካ፥ ይልቁንም የኋላ እግሮቹ ደጋግመው ሲነኩ፥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በነርቩ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛል፤ ከወገኑ ይሸሽ የነበረውም መከተል ይጀምራል። ቆዳውን እየለወጠ ሲያድግም መልኩ ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ ጎልምሶ በቀን በመንጋ ይበራል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የእናቲቱ ነገር ነው። ተጨናንቃ የኖረች እናት የምትጥላቸው እንቁላሎች በቁጥር ያነሱ በመጠን ግን የተለቁ ናቸው፤ ከእነርሱ የሚፈለፈሉትም ገና ከመወለዳቸው ጠቆር ያሉ ሆነው ለመንጋ ኑሮ የተሰናዱ ናቸው። በ1921 እ.ኤ.አ. ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለ በሩሲያ የተወለደ ሊቅ በሌላ የአንበጣ ዓይነት ላይ ይህን የመሰለ ለውጥ መኖሩን እስኪያስረዳ ድረስ፥ ሊቃውንቱ ራሳቸው ብቸኛውንና መንጋውን ሁለት ልዩ ልዩ ዘር አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። «ዘሩ ነው» የሚለው ስሕተት የመንደር ሰው ብቻ እንዳልነበረ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ሰንጋችን ልመለስ። የሐረርጌ አርሶ አደር ሰንጋ ሲያደልብ ለሚያየው ሰው የሚያስደስት ሥራ ነው። በሬው በደጅ ታስሮ፥ ከማሳ ሲሳሳ የተነቀለው የማሽላ ቡቃያ፥ የበቆሎው ቅጠል፥ የጫቱ ገራባ በእጅ እየቀረበለት እንደ ሙሽራ ይቀለባል። ነጋዴው መጥቶ ሻኛውን ዳብሶ ዋጋ ይቆርጣል፤ ከብቱ በመኪና ተጭኖ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ገበያ ይወርዳል። በዚህ ሙያ ላይ እኔ ለአባቶቻችን የምጨምረው ትምህርት የለኝም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም የሚጀመረው የበሬው አካል ዋና ልክ ከተወሰነ ከዓመታት በኋላ ነው።

ሥጋ የምንለው ጡንቻ እንደ ገመድ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። በከብት ፅንስ ውስጥ እነዚህ ክሮች የሚበጁት ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው የእርግዝና ወር ድረስ ነው። ጥጃው ከተወለደ በኋላ ክሮቹ ይወፍራሉ፥ ይረዝማሉ እንጂ ቁጥራቸው ይህን ያህል አይጨምርም። እናቲቱ በእነዚያ ወራት ከተራበች ፅንሱ ካለው ጥቂት ምግብ ለአንጎልና ለልብ ያስቀድማል፤ ለጡንቻ የሚተርፈው ያንሳል። እንግዲህ በአምስት ዓመቱ ገራባ የሚከመርለት ሰንጋ የሚያወፍረው በእናቱ ሆድ ሳለ የተሰጠውን ክር ነው። ክሩ ካነሰ ቀለቡ ወደ ጮማነት ሊሄድ ይችላል፤ የጎደለውን ክር ግን አይፈጥርም።

ዘመኑን በአገራችን ወቅት ላይ አድርገን እንቍጠረው። በእኛ አካባቢ ላም ኮርማ የምትፈልገው ብዙውን ጊዜ ሣር በልታ ገላዋ ሲመለስ፥ ማለት በክረምቱ ማብቂያ ነው። በመስከረም ያረገዘች ላም ሦስተኛውን፥ አራተኛውን፥ አምስተኛውን ወር የምታሳልፈው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ይኸውም ሣሩ የደረቀበት፥ ከደረቅ የማሽላ አገዳ በቀር በደጅ የሚገኝ ነገር የሌለበት ጊዜ ነው። የጡንቻው ክር የሚፈተለው በዚያው በበጋው መካከል መሆኑ ነው! በዚያን ጊዜ ከአገዳው የለሰለሰውና ቅጠል ያለው ለማን ይሰጣል? ለታሰረው በሬ ይሰጣል። እርጉዟ ላም በሬው የተወውን ግንድ ትቆረጥማለች።

በሂርና አቅራቢያ የሚኖሩት አጎቴ ከአንዲት ላም ሁለት ወይፈኖች አሳድገዋል። አንደኛው የተወለደው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ዝናብ ቀርቶ ሐረርጌን ድርቅ በመታበት ዓመት ማለት ነው። ሁለተኛው ደህና ሣር በነበረበት ጊዜ ተወለደ። ሁለቱም በየተራቸው አምስት ዓመት ሲሞላቸው በአንድ ዓይነት ቀለብ ታስረው ቢቀለቡ፥ የመጀመሪያው ዳሌው ጠባብ እንደ ሆነ ቀረ፤ ነጋዴውም ዋጋ ነሣው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው «ዘሩ ነው» አሉ። እኔም፦

«ጋሼ፥ የሁለቱም አባት ያው የጎረቤት ኮርማ አልነበረምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያው ነው።»

«እናታቸውስ ቦራ አይደለችምን?»

«ቦራ ናት።»

«ታዲያ ዘሩ በየት በኩል ተለየ?»

አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በዚያ ዓመት ቦራ ከተኛችበት መነሣት አቅቷት፥ ጧት ጧት ጭራዋን ይዘን ነበር የምናስነሣት» አሉኝ።

በአንድ ላም ታሪክ ሳይንስ አይቆምም፤ የመጀመሪያው ወይፈን በልጅነቱ ታሞ ይሆናል፥ እንገሩንም በቅጡ ሳይጠባ ቀርቶ ይሆናል። እንገርን ካነሣሁ ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ጥጃ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ከእናቱ ደም አይወርስም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱም ያን ኃይል የሚቀበለው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር በሩ እየተዘጋ ይሄዳል። እንገር አፍልቶ መብላት የሚወደድ ነገር መሆኑን እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ጥጃው ሳይጠግብ ከታለበ የታለበው የጥጃው ጤና ነው።

ሙቀትም እንደ ረሃብ ይሠራል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ በታለቡ ላሞች ላይ እንደ ታየው፥ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንታት ጥላ አጥታ ሙቀት የጸናባት ላም የምትወልዳት ጥጃ ክብደቷ ያንሳል፤ ያችው ጥጃ አድጋ ስትወልድም ወተቷ በጥላ ሥር ካረገዘችው ላም ልጅ ወተት ያንሳል። በጨርጨር ደጋ ለምንኖረው ይህ እምብዛም አያሳስበን ይሆናል፤ ወደ ሚኤሶና ወደ አሰቦት ቆላ ለወረደ ሰው ግን አንድ የግራር ጥላ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስረዳል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሦስት ነገር ሊያነሡ ይችላሉ። መጀመሪያ «ታዲያ ዘር ከንቱ ነውን?» ይላሉ። አይደለም። የቦረና ላም የፈለገውን ያህል ብትቀለብ እንደ ሆልስታይን አትታለብም። ነገር ግን ሆልስታይኗም ያለ ቀለብና ያለ ጥላ በሐረርጌ ቆላ ብትታሰር ወተቷ የት እንደሚደርስ ገዝቶ ያየ ያውቀዋል። ሁለተኛ «ምልክቱ እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል» የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ደግሞ ከእኔም አልፈው የሄዱ ናቸው። ወተት በሚጠቡ እንስሳት ዘንድ ከእነዚህ ምልክቶች የሚበዙት ፅንሱ ገና ሲጀመር ተጠርገው እንደ አዲስ ይጻፋሉ፤ ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል የሚባለውን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። ለእኔ ይህ መልካም ዜና ነው፤ የተራበች ላም የልጅ ልጅ ሁሉ የተፈረደበት አይደለምና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከሁሉ የበረታ ነው። አርሶ አደሩ «መሬቴ ጠባብ ነው፤ መኖዬ ጥቂት ነው፤ በሬው በአራት ወር ገንዘብ ይሆናል፥ የላሟ ፅንስ ግን ገንዘብ የሚሆነው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው» ይላል። ከዚህም በላይ ብዙዎች የሚያደልቡትን ወይፈን ራሳቸው አላሳደጉትም፤ ከቆላው አርብቶ አደር ገበያ ገዝተው ያመጡታል። ስለዚህ ላሟን የሚቀልበው አንዱ፥ ትርፉን የሚያገኘው ሌላው ይሆናል። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በስብከትም አይፈታም። የሚፈታው ወይፈን የሚገዛ ሰው ጥርሱንና ሻኛውን እንደሚመረምር ሁሉ «እናቱ ምን በልታ አረገዘችው?» ብሎ ሲጠይቅና ለመልሱ ዋጋ ሲጨምር ነው። እስከዚያው ድረስ ግን የራሷን ላም ለያዘች ቤት፥ ለበሬው ከተቀመጠው አገዳ በየቀኑ አንዲት እስር ከፍሎ፥ ቆራርጦ፥ ጨው ያለበት ውኃ ነስንሶ ለእርጉዟ መስጠት ቤት የሚያፈርስ ወጪ አይመስለኝም።

ስለ ላም ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ሰው ዝም ማለት አይገባኝም፤ የሰውም አካል በዚሁ ሥርዓት ያድጋልና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በ1944ና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፥ በሆላንድ ብርቱ ረሃብ ሆኖ ነበር። በዚያ ረሃብ መካከል የተፀነሱ ሰዎች ስድሳ ዓመት ያህል ካለፋቸው በኋላ ደማቸው ቢመረመር፥ ዕድገትን በሚመለከት በአንድ ጂን ላይ ያለው ሜቲል ረሃቡ ካላገኛቸው ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው አንሶ ተገኘ። ጥናቱ የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛም አገር አልተመረመረችም ማለት አይደለም። ዴርኮንና ፖርተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው የደረሰባቸው ልጆች አድገው ሲለኩ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥረው መገኘታቸውን ገልጸዋል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመፈጸም ዕድላቸውም ያነሰ መስሎ ታይቷል። በእነዚህ ልጆች ላይ ምልክቱ በዲ.ኤን.ኤ. ተፈልጎ የተገኘ አይደለም፤ የተለካው ቁመታቸው ነው። ቢሆንም «ከእነ እገሌ ቤት ምን ይጠበቃል» የሚለው ሰው ከዘሩ በፊት የቤቱን እንጀራ ቢቈጥር ይሻለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። ጥፋቱን በእናቶች ላይ ለመጫን አይደለም የተነሣሁት። በብዙ ቤቶቻችን እናት ሁሉን አብልታ የተረፈውን የምትበላ ናት፤ ብታረግዝም ውኃውንና እንጨቱን የምትሸከመው እርሷው ናት። ለእርጉዟ ላም አገዳ ይከፈል ብዬ የምከራከር ልጅ፥ በገበታው ላይ የእናቴ ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ ብዬ ባልጠይቅ ትዝብት ይሆንብኛል። ይህን የሚያነብ አባት ካለ በነገሩ ላይ ዛሬ ማታ በራት ጊዜ ይነጋገርበት ዘንድ እለምናለሁ።

ለትምህርት ቤታችን ደግሞ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከመካከላችን ብዙዎቹ በገጠር ቤተሰቦቻቸው ዘንድ ላም አላቸው፤ ከበዴሳ፥ ከገለምሶ፥ ከሂርና የመጡም አሉ። የሚፈቅዱ ተማሪዎች ተሰብስበን አንድ ደብተር እንክፈት። በደብተሩም ላይ ላሟ ያረገዘችበት ወር፥ በበጋ የተሰጣት መኖ፥ ጥጃው የተወለደበት ቀንና እንገሩን በስንተኛው ሰዓት እንደ ጠባ ይጻፍ። ሚዛን አያስፈልገንም፤ የጥጃው ደረት ዙሪያ በተወለደ ጊዜና ዓመት ሲሞላው ከተለካ ክብደቱን ለመገመት ይበቃል። ከዩኒቨርሲቲውም ከኦዳ ቡልቱም አንድ መምህር ደብተሩን እንዲያዩልን መጠየቅ ይቻላል፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም። እኔ ዘንድሮ ትምህርቴን ጨርሼ ብወጣም የአጎቴን ሁለት ላሞች ቁጥር እየላክሁ እቆያለሁ፤ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተሩን ይረከቡ። ለልኬቱ የሚያስፈልገውን ሜትር ከልብስ ሰፊ መዋስ ይቻላል።